የመድኃኒቱ ቁልፍ አንገቴ ላይ ስለቀረበት ከሰዓት

ለክቡር አቶ ራንዳል ዊስማን
የሃኒሰክል አረጋውያን መጦሪያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኮልተን ፎርክ፣ ኬንታኪ

ጉዳዩ፦ የተግባራዊ ነርስን ደመወዝ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን ነገሮች አንድ በአንድ ስላስተማሩኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ በሐሙሱ ጋዜጣችን ላይ፣ በቀብር ማስታወቂያዎቹና በተማሪ ቤታችን የቅርጫት ኳስ ውጤት መካከል ተሰንቅራ፣ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝዎ ምኞቴ ነው። ባለፈው ሰሞን ከጎልፍ ሜዳ ሲመለሱ ወገብዎን ይዞዎት እንደነበር ሰምተን የምሥራቅ ክንፍ ሠራተኞች በሙሉ አዝነናል። አሁን ተሽሎዎት ቀና ብለው እንደሚሄዱ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም በመግቢያው በር ላይ አዲስ ያሠሩት የውሃ ፏፏቴ ደህና እንደሆኑ እገምታለሁ። የእኛንም ወገብ ቢጠይቁን ደህና ነው እንላለን፤ ያልጠየቁን ጊዜ አጥተው እንደሆነ እናውቃለን።

ስሜ ቨርና ስቲዳም ይባላል። ይህን የምጽፈው ለጋዜጣው አንባቢ ነው እንጂ እርስዎማ «ቨርናዬ» እያሉ ስለሚጠሩኝ ያውቁኛል ብዬ አምናለሁ፣ ምንም እንኳ በገና በላኩልኝ ካርድ ላይ «ለውድ ቬራ» የሚል ቢጻፍበትም። በሃኒሰክል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ተግባራዊ ነርስ ነኝ። ተግባራዊ ነርስ ማለት አንድ ዓመት ተምራ፣ የመንግሥት ፈተና አልፋ፣ ፈቃድ የተሰጣት ማለት ነው። መድኃኒት የምንሰጠው፣ ቁስል የምናጥበው፣ ኢንሱሊን የምንወጋው፣ ሐኪሙን የምንቀሰቅሰው፣ ለቤተሰብ ክፉውን ወሬ የምንደውለው እኛ ነን። ከእኛ በላይ ባለዲግሪ ነርሶች አሉ፣ ከእኛ በታች ረዳቶች አሉ፤ እኛ መካከል ላይ ቆመን ከላይ የወረደውንም ከታች የወጣውንም እንቀበላለን።

እነሆ በእርስዎ አመራር ዘመን ደመወዜ ስለምን ከፍ እንደማይል በጠየቅሁ ቁጥር በትዕግሥት አንድ አዲስ ምክንያት ሲያስተምሩኝ ቆይተዋል። ይህን ያህል ዕውቀት ይዤ ብቀበር ኃጢአት ይሆንብኛልና ለሕዝብ ላካፍለው ቆርጫለሁ።

አንደኛ፣ ደመወዝ የሚወሰነው ነርሷ ከወንዙ በየትኛው ዳር እንደቆመች ታይቶ መሆኑን አስተምረውኛል። ወዲህ ኬንታኪ ነው፣ ወዲያ ማዶ ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ በመካከሉ አንድ ድልድይ አለ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እኔን የምትተካኝ የነበረችው ቴምሲ ራትሊፍ፣ ማዶ ያለው መጦሪያ የሚከፍለውን ሰምታ ባለፈው ክረምት ስትለቅ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አቅፋኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ቨርና፣ ድልድዩን ለመሻገር እኮ የመኪናው ሬዲዮ አንድ ዘፈን ተጫውቶ አይጨርስም! በአንድ ዘፈን ይህን ያህል ጭማሪ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹም ያው ናቸው፤ ያው ይሳደባሉ፣ ያው ክኒኑን ምላሳቸው ሥር ይደብቃሉ። ምን ይጎልትሻል እዚህ? ነይ አብረን እንሂድ!»

ጉዳዩን ይዤ ቢሮዎ ብመጣ «ቨርናዬ፣ ማዶ እኮ ኑሮ ውድ ነው፤ ለዚያ ነው የሚከፍሏቸው» አሉኝ። ይህ ነገር በጣም አስደነቀኝ፣ ምክንያቱም የማዶ ሰዎች ዳቦና ወተት የሚገዙት እዚሁ እኛ መንደር ካለው ሱቅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋ የምንጋፋውም ከእነሱ ጋር ነው። ድልድዩን ሲሻገሩ ዳቦው እንደሚወደድባቸው ግን አላውቅም ነበርና ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።

ቴምሲን ተከትዬ ለምን እንዳልሄድኩ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ያልሄድኩት እየተማርኩ ስለነበረ ነው። ደግነትዎ ይመስገንና፣ ደመወዝ ካነሰኝ ባለዲግሪ ነርስ እንድሆን የመከሩኝ እርስዎ ነዎት። መጦሪያውም የትምህርት ክፍያዬን ግማሽ ሊሸፍን፣ እኔም ተምሬ እስክጨርስና ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ላልለቅ፣ ብለቅ ወይም ትምህርቱን ባልጨርስ ግን የተከፈለልኝን በሙሉ ልመልስ ተፈራረምን። በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በልጄ እኩዮች መካከል ተቀምጬ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ሰክቼ ተማርኩ። ወደዚህ ትምህርት ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፤ የዚህ ሁሉ ምስጋና መነሻ እሱ ነውና።

ሁለተኛ፣ ደመወዝን የሚወስነው ገበያ እንደሆነ አስተምረውኛል። «እኛ ምን እናድርግ ቨርናዬ፣ ገበያው የወሰነው እኮ ነው» ባሉኝ ጊዜ፣ ያን ገበያ የሚባለውን ሰው አግኝቼ ላነጋግረው ፈልጌ ነበር። ቀጥሎም በካውንቲያችን ያሉ መጦሪያዎች ለተግባራዊ ነርስ ስንት እንደሚከፍሉ አጥኚ ቀጥረው አስጠኑ፤ ውጤቱም በሠራተኞች መመገቢያ ክፍል በትልቁ ተለጠፈ። በካውንቲያችን ሦስት መጦሪያ አለ። ሦስቱም እኩል ይከፍላሉ። ሃኒሰክልም ከገበያው አንዲት ሳንቲም ዝቅ እንደማይል በዚህ ተረጋገጠልን፣ አጨበጨብንም። የሦስቱም መጦሪያ ባለቤት አንድ ኩባንያ መሆኑን ወረቀቱ አልጠቀሰም። አንድ ሰው ግራ ኪሱ ስንት እንደያዘ ለማወቅ ቀኝ ኪሱን ከጠየቀ በኋላ ለአጥኚ ገንዘብ የሚከፍል ከሆነ፣ ያ ሰው በእውነት ገንዘብ አልቸገረውም።

ሦስተኛ፣ ልምድ። እዚህ ላይ ከቀድሞ ድንቁርናዬ ያወጡኝን ያህል የትም አላወጡኝም። እኔ ሞኟ አንዲት ነርስ በሠራች ቁጥር የምትበስል ይመስለኝ ነበር። የእርስዎ የደመወዝ እርከን ግን አሥረኛው ዓመት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ መሰላሉ ደረጃ የለውም። ስለዚህ ያለፉትን አሥራ ሁለት ዓመታት የሠራሁት ልምድ ሳላገኝ መሆኑን ተረዳሁ። ዘንድሮ ከትምህርት ቤት የወጡ ሁለት ልጆች ሲቀጠሩ የእኔን ያህል ደመወዝና በላዩ የመግቢያ ጉርሻ እንደተሰጣቸው ሰምቼ አልተቀየምኩም፣ ጥሩ ልጆች ናቸው። ብቻ ሥራውን እንዳስተምራቸው ለእኔ ሲሰጡኝ፣ ልምድ የሌላት ሴት ምን ልታስተምር እንደምትችል ጨነቀኝ።

ሠላሳ ዓመት በከሰል ማዕድን ውስጥ የሠሩትና አሁን አሥራ አራት ቁጥር ክፍል ያሉት አቶ ሆበርት ስሎን ይህን ስነግራቸው፣ የባቄላ ወጣቸውን ትተው በማንኪያቸው ጠረጴዛውን መቱት። «እናንተ ሴቶች ማኅበር የላችሁም እንዴ? እኔ በነበርኩበት ጊዜ አለቃ እንዲህ ቢለን የሥራ ማብቂያው ፊሽካ እስኪነፋ አንጠብቅም፤ የራስ መብራታችንን አውልቀን፣ ምሳ ዕቃችንን አንጠልጥለን፣ ቀጥ ብለን ወደ ቤት! ያኔ ነው ገበያ ማለት ምን እንደሆነ የሚገባው!» አሉ። ማኅበር የሚለው ቃል በመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ጮክ ተብሎ በተነገረ በማግሥቱ፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበር ጎጂነት የሚያስረዳ ባለ ቀለም በራሪ ወረቀት በየቤታችን በር ሥር ገባ። ለወረቀት የሚሆን በጀት እንደማይጠፋ በማወቄ ተጽናናሁ።

አራተኛውን አሳጥረዋለሁ። በደም ሥር መድኃኒት የመስጠት የምስክር ወረቀት ያላት ነርስ ጭማሪ ታገኛለች ስላሉ በራሴ ወጪና በራሴ እሑዶች ኮርሱን ወሰድኩ። ሠላሳ አምስት ሳንቲም በሰዓት ተጨመረልኝ። በዚያው ወር የቅዳሜና የእሑድ አበል ተነሣ። ምክንያቱን ስጠይቅ ስቴቱ ለደኻ አረጋውያን የሚከፍለን ትንሽ ስለሆነ ነው አሉኝ፤ ይህን ሲሉም የፏፏቴው ድምፅ በመስኮትዎ እየገባ ስለነበር ደግመው ጮክ ብለው መናገር ግድ ሆነብዎት።

ይህ ሁሉ ተራ ነገር ነው፤ ለዚህ ብቻ ጋዜጣ አላስቸግርም ነበር። አሁን የምጽፈው ግን አንጀቴን ያሳረረኝን ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በየክንፉ አንድ የመድኃኒት ጋሪ አለ፤ በጋሪው ውስጥ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚቆለፍበት መሳቢያ አለ፤ የመሳቢያው ቁልፍ የተረኛዋ ነርስ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ፈረቃዬ ሲያልቅ ተቀያሪዬ ትመጣለች፣ አብረን ቆመን ክኒኑን ፍሬ በፍሬ እንቆጥራለን፣ ሁለታችንም እንፈርማለን፣ ቁልፉ ከእኔ አንገት ወደ እሷ አንገት ይተላለፋል። የሚረከበኝ ሰው ካልመጣ ቁልፉም አይወርድም፣ እኔም አልሄድም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ብወጣ ሕሙማንን ጥላ ሄደች ተብሎ ፈቃዴ ይነጠቃል፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ያልተነገረን ስብሰባ የለም። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው፤ አልነቅፈውም። የሚነቀፈው በሰዓቱ የሚረከብ ሰው አለመቅጠር ነው።

የዲግሪ ትምህርቴ የመጨረሻው የተግባር ፈተና ባለፈው ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በኮሌጁ ነበር። የኮሌጁ ሕግ አጭር ነው፦ ከዚያ ፈተና ያለ በቂ ማስረጃ የቀረ ተማሪ ወድቋል፤ ቦታውም ለተጠባባቂ ይሰጣል። ይህን ከሦስት ሳምንት በፊት በጽሑፍም በቃልም አሳውቄዎ ነበር። «እንዴታ ቨርናዬ! ይሄ እኮ የሁላችንም ድል ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሰው እዚህ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ እኔ ራሴ አስታውሳለሁ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አመንኩዎ። በማመኔ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ማንም አልመጣም። የቴምሲ ቦታ እሷ ከሄደች ጀምሮ ባዶ ነው፤ በስልክ እየተለመነ የሚመጣ ሰው ነው የሚሸፍነው፣ ያን ቀን ደግሞ የተለመነ ሰው አልነበረም። የምዕራብ ክንፏ ነርስ የራሷን ቁልፍ ይዛ ነበር፤ የሁለት ክንፍ ቁልፍ አንዲት ነርስ እንዳትይዝ የከለከለው ደግሞ የእርስዎው ደንብ ነው። ልትረከበኝ የምትችለው የነርሶች ኃላፊያችን ሌክሲንግተን ሄዳ በአንድ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበረች። ስብሰባው ነርሶችን ከመልቀቅ እንዴት መግታት ይቻላል የሚል ነው፤ ምሳ እንደነበረውም ሰምቻለሁ።

ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ልብሴን ለውጬ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ እየተንቃጨለ በርዎ ላይ ቆምኩ። ስልክ ላይ ነበሩ፤ በጣትዎ ጠብቂ አሉኝ። ስልኩን ሲዘጉ «አይ ቨርናዬ፣ ዛሬ ነበር ለካ! እየደወልን ነው፣ አሁን አንድ ሰው ይገኛል። እስከዚያ ወደ መመገቢያ ክፍል ጎራ በይ፤ ለነርሶች ሳምንት ፒዛ አዝዘናል» አሉኝ። ለዚያ ፒዛ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ፈተናዬ በተጀመረበት ሰዓት ቀዝቅዞ ነበር፤ ቢሆንም አልበላሁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፣ በፊት አስተማሪ የነበሩት የዘጠና አንድ ዓመቷ እማማ ኦርፋ ብሌቪንስ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ተንከባለው ጋሪዬ አጠገብ ደረሱ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ፈተና አለብኝ ብለሽ አልነበር? እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። ቁልፉን የሚረከበኝ እንዳጣሁ ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ። «ታዲያ ለእኔ ስጪኛ! አርባ ዓመት የትምህርት ቤት ቁልፍ ይዣለሁ፤ አንድ ጠመኔ እንኳ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሂጂ! ከጠየቁኝ ሽንት ቤት ናት እላለሁ።»

እማማ ኦርፋ፣ ይህን ጋዜጣ እንደሚያስነብቡ አውቃለሁና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያን ቀን እጁን የዘረጋልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ያን ጊዜ ዞር ብዬ ማልቀስ አማረኝ፤ ነገር ግን አቶ ሆበርት የሕመም ማስታገሻቸው ሰዓት ደርሶ ስለነበር መሳቢያውን ከፈትኩ። ፈተናው ተጀመረ፣ ፈተናው አለቀ፣ እኔ ራት አበላሁ፣ ልብስ አስቀየርኩ፣ የማታ መድኃኒት አደልኩ። ቁልፉ የወረደልኝ የሌሊቷ ተረኛ በራሷ መደበኛ ሰዓት ስትመጣ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሣ መሪውን ይዤ ተንሰቀሰቅሁ። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ደሜ ፈልቶ ነበር፣ አሁንም እንደፈላ ነው።

በማግሥቱ ኮሌጁ ማስረጃ ጠየቀኝ። ማስረጃው ቀላል ነው፦ «ቨርና ስቲዳም በዚህ ቀን ተቀያሪ ስላልመጣላት በሥራ ላይ እንድትቆይ ተገዳለች» የሚል አንድ መስመርና የእርስዎ ፊርማ። አንድ መስመር ለመለመን ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ያን ዕለት የተነጋገርነውን እዚህ ላይ ያለ ምንም ጭማሪ አሰፍረዋለሁ፤ ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ቃል ያስተምራልና።

«ቨርናዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ አይሰጥም» አሉኝ። «የስቴቱ ተቆጣጣሪዎች እጅ ቢገባ ሠራተኛ አጥሯቸዋል ይላሉ። እኛ ደግሞ ሠራተኛ አጥሮን አያውቅም።»

«ሠራተኛ ካላጠራችሁ እኔ ለምን እስከ ማታ ቆየሁ?» አልኩ።

«እሱማ ስለምትወጃቸው ነዋ!» አሉኝ፣ ፊትዎ በራ። «አንቺ እኮ እንደሌሎቹ አይደለሽም። ልብሽ እነዚህ ሽማግሌዎች ጋ ነው። ከፈለግሽ እንደዚያ ብዬ እጽፍልሻለሁ፤ ከፍቅር የተነሣ፣ በራስሽ ፈቃድ እንደቆየሽ። እንዲያውም የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ብለን ፎቶሽን እንለጥፋለን!»

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ። እኔ ማክሰኞ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ የበሩን መስኮት እያየሁ፣ የተቀያሪ መኪና መጣ እያልኩ አንገቴ ተጣሞ ነበር። ለካስ በፍቅር ነው። በራሴ ፈቃድ እንደቆየሁ የሚመሰክር ደብዳቤ ይዤ ኮሌጅ ብሄድ፣ ፈተናዬን ትቼ የቀረሁት ወድጄ ነው ተብሎ ቦታዬን እዚያው እንደሚወስዱብኝ አንድ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ስለዚህ ያቀረቡልኝን ደብዳቤ በትሕትና አልተቀበልኩም። ለፎቶውም ይቅርታ፣ ያን ቀን ፀጉሬ አልተሠራም ነበር።

እንግዲህ ቆይቼ ሳስበው ከወንዙም፣ ከገበያውም፣ ከእርከኑም በላይ የነርስን ደመወዝ ዝቅ የሚያደርገው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ፍቅር ነው። እማማ ኦርፋ ክኒናቸውን ከተፈጨ አፕል ጋር ካልሆነ እንደማይውጡ፣ አቶ ሆበርት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ስለ ድሮ ውሻቸው ቢያወሩላቸው እንደሚረጋጉ ስለማውቅ፣ ይህን ሁሉ ትቼ እንደማልሄድ ያውቃሉ። አዎ፣ እወዳቸዋለሁ። ይህን አልክድም። ነገር ግን እርስዎ ፍቅሬን እንደ ሠራተኛ ቆጥረው የሥራ ፈረቃ ሰንጠረዥዎ ላይ ሲያስገቡት፣ ለእሱ ደመወዝ አለመክፈልዎን ሳስብ እበሽቃለሁ። ለሚወዱ ሰዎች ያነሰ ይከፈላል፤ ለሚሄዱ ይጨመራል፤ ገና ለሚመጡ ጉርሻ ይሰጣል። ይህን ነው ያስተማሩኝ። ቴምሲ በአንድ ዘፈን የተማረችውን እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ነው የደረስኩበት።

ትምህርቱ እንዳይቀርብኝ እፈልጋለሁ። ባለዲግሪ ነርስ ለመሆን የቀረኝ ያ ፈተና ብቻ ነው። በመጪው ወር የኮሌጁ ኮሚቴ ተሰብስቦ ጉዳዬን ይወስናል፤ ካልተቀበለኝ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል፣ መጦሪያውም ትምህርቱን አልጨረሰችም ብሎ የከፈለልኝን ግማሽ ከደመወዜ መቁረጥ ይጀምራል። ውሉ እንደዚያ ይላል፣ ደግሜ አንብቤዋለሁ። እርስዎ ተቀያሪ ሳይልኩልኝ ቀርተው በቀረሁበት ፈተና ምክንያት እርስዎ ከእኔ ይቆርጣሉ ማለት ነው። ይህን ያሰበ ሰው ጭንቅላት እንዳለው መመስከር አለብኝ።

በመጨረሻም ለፒዛው፣ ለበራሪ ወረቀቱ፣ ለገበያ ጥናቱ፣ ለገና ካርዱ፣ በተለይም የልቤን ምሥጢር ከእኔ ቀድመው ላወቁበት ጥበብ ምስጋናዬ ከወንዙ ማዶ ድረስ እንዲሰማ እመኛለሁ። ወገብዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ፤ ፏፏቴዎም አይንጠፍ።

በፍቅር ሳይሆን በታላቅ አክብሮት፣
ነገም ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጋሪዋ አጠገብ የምትገኘው፣

ቨርና ስቲዳም
ፈቃድ ያላት ተግባራዊ ነርስ፣
በእርከን አሥር ላይ የቆመች፣
በሃኒሰክል የምሥራቅ ክንፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ የሰጠሁት እርስዎን ለማሳፈር መስሎዎት እንዳይቀየሙኝ። በኮሌጁ የነርስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ የሆኑት ወይዘሮ ኢሞጂን ሃል፣ ማስረጃ እንደከለከሉኝ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉኝ፦ «ቨርና፣ የአንቺን ቃል ብቻ ይዤ ኮሚቴ ፊት አልቀርብም፤ ይስቁብኛል። ግን ስምሽን ጽፈሽ በአደባባይ አውጪው። መጦሪያው ውሸት ነው ካለ በሚቀጥለው ሐሙስ ጋዜጣ ላይ ይመልስ፤ ያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ቁልፉን ሊረከብሽ የመጣውን ሰው ስም ይጥራ። ካልመለሰ ኮሚቴው እንዳመነ ይቆጥረዋል፣ አንቺም ትፈተኛለሽ።» ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ላስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ የሰጡኝን መልስ ለዚህችም ይስጧት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ሐሙስን ያሳልፉልኝ። አንዲት ሳንቲም አያስወጣዎትም።